ሳንቲሙ ወይስ የተቀበረበት አፈር?

«ሜታል ዲቴክተር» እየተባለ የሚጠራው የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንደ ቀድሞው በወታደርና በአየር ማረፊያ ጥበቃ ሠራተኛ እጅ ብቻ የሚገኝ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በጥቂት ሜትር ሽቦ፣ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና በባትሪ ድንጋይ ሊሠራ ስለሚችል ለፕሮጀክት ሥራ የሚመርጡት ተማሪዎች አሉ። ምርጫቸውም መልካም ነው፤ የኤሌክትሮማግኔቲዝም ትምህርት ከሰሌዳ ወርዶ በጆሮ የሚሰማበት ሌላ እንዲህ ያለ ቀላል መሣሪያ ማግኘት አዳጋች ነው። መሣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ዘወትር አንድ ነው፤ «የት ወስደን እንሞክረው?» የሚል። መልሱም ለመምጣት አይዘገይም። በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ቆርቁረውበት የነበረ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ተራራ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ አንድ ጠገራ ብር እንኳ ሳይወድቅ ይቀራልን? ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ እየተባለ በየሰፈሩ የሚወራው ወርቅ ሲጨመርበት ደግሞ ምኞቱ ክንፍ ያወጣል።

እኛ መሣሪያው እንዲሠራ በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ወደ መናፈሻው ተወስዶ አሮጌ ሳንቲም እንዲፈለግበት ግን አንስማማም። ሕግም የሚለው አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሕግ ባይኖርም እንኳ አቋማችን አይለወጥም ነበር፤ ምክንያታችን ከፊዚክስ፣ በተለይም ልኬት ምን ማለት እንደሆነ ከሚነግረን ክፍል የሚመነጭ ነውና።

በቅድሚያ መሣሪያው የሚያውቀውንና የማያውቀውን እንለይ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ባገኘው የኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽን ሕግ መሠረት፣ በመሣሪያው ጫፍ ባለው ክብ ጥምጥም ሽቦ ውስጥ ተለዋዋጭ ከረንት ሲያልፍ በዙሪያው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ወደ አፈሩ ዘልቆ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዚያ አካል ውስጥ እንደ ውኃ አዙሪት የሚሽከረከሩ ከረንቶችን ይቀሰቅሳል። እነዚህ «ኤዲ ከረንት» የሚባሉት ከረንቶች፣ ሌንዝ እንዳስተማረን፣ የቀሰቀሳቸውን ለውጥ የሚቃወም የራሳቸውን መስክ ይፈጥራሉ። ሁለተኛው ጥምጥም ሽቦ ያንን ደካማ መልስ ይቀበላል፤ ሰርኪዩቱም ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

መልሱን ደካማ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሄደው መስክ ከርቀት ጋር ይዳከማል፤ የሚመለሰውም እንዲሁ ይዳከማል። የጥምጥሙ ሬዲየስ 10 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ ሳንቲሟም በቀጥታ ከመሐሉ በታች በ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ትቀበር። ይህቺው ሳንቲም ወደ 20 ሳንቲሜትር ብትወርድ የምልክቱ ኃይል ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከ20 ወደ 40 ብትወርድ ደግሞ እንደገና ወደ አንድ ሠላሳ ዘጠነኛ ያህል ይወርዳል። ርቀቱ ከጥምጥሙ ስፋት እጅግ ሲበልጥ፣ ጥልቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ይጠጋል፤ ይህም ማለት በርቀቱ ስድስተኛ ርቢ ይቀንሳል ማለት ነው። ተራ መሣሪያ አንዲትን ሳንቲም ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት በታች ማየት የሚሳነው ስለዚህ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ማስታወቂያ የሚለው ሌላ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ ግን ማስታወቂያ አያነብም።

ከጥልቀቱ የሚብሰው ችግር የማንነት ጉዳይ ነው። መልሱን የሚወስነው የብረቱ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን የዕቃው ስፋት፣ ውፍረትና አቀማመጥ፣ የአፈሩም ጠባይ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ስስና ትንሽ የወርቅ ሳንቲም የሚሰጠውን መልስ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብልጭልጭ ወረቀት ወይም ከመጠጥ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። አብዝቶ የሚመኙት ነገር ከቆሻሻ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው ማለት ነው! በከተማ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ከጠገራ ብር ይልቅ የቢራ ቆርኪ እንደሚበዛ ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያሻም። እንደ ባዛልት ካሉ እሳተ ገሞራ ወለድ አለቶች የተገኘና የብረት ማዕድን የበዛበት አፈርም ራሱ መልስ ስለሚሰጥ መሣሪያውን ያሳስታል፤ አብዛኛው ደጋችን እንዲህ ካለው አለት የተሠራ ነው።

ይህ ስሕተት ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት እንዲህ ባለ መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ ነበር። ሳይሳካ ቀረ። ፍለጋው በአንድ ወገን ብቻ እንዲሆን በመደረጉም፣ የአልጋው የብረት ምንጮች ምልክቱን በማወካቸውም ጥይቷ ሳትገኝ ሰውየው ሞቱ። በጎረቤታችን በሱዳን በ2020 እ.ኤ.አ. የታወቀው ጉዳትም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ከካርቱም በስተሰሜን በባዩዳ በረሃ በሚገኘው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ባስቆጠረው የጀበል ማራጋ የመርዌ ዘመን ፍርስራሽ ላይ ወርቅ ፈላጊዎች በከባድ መኪና 17 ሜትር ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ቆፍረው ቦታውን ከጥቅም ውጪ አደረጉት። የአገሩ አርኪዮሎጂስቶች ለዚህ የሰጡት ግምት ፓይራይት የተባለውን ማዕድን የሚጠቅስ ነው። በአለቱ ውስጥ ያለው ይህ ማዕድን መሣሪያውን ሳያስጮኸው አልቀረም። ፓይራይት በሌላ ስሙ «የሞኝ ወርቅ» መባሉን አንባብያን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ መቆፈር ግድ ይላል። እኛም የምንቃወመው ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ማናችሁም በላቦራቶሪ ውስጥ «5.2» ብላችሁ ብቻ ጽፋችሁ ብትመጡ መምህራችሁ ውጤት አይሰጣችሁም። የምን 5.2? በየትኛው ሙቀት? በየትኛው ሰዓት? አሮጌ ሳንቲምም ከአፈር ወጥቶ በኪስ ሲገባ አሐዱ እንደሌለው ቁጥር ይሆናል። በምን ያህል ጥልቀት ነበር? ከየትኛው የአፈር ንብርብር? ከላዩ የድንጋይ ንጣፍ ነበር ወይስ ዐመድ? በአጠገቡ የሸክላ ስባሪ፣ ጨሌ፣ የእንስሳ አጥንት ነበርን? እነዚህ መልሶች በሳንቲሙ ላይ አልተጻፉም፤ የተጻፉት በዙሪያው ባለው አፈር ነው። አፈሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ ወደ ነበረበት የሚመልሰው የለም። የላቦራቶሪ ሙከራን ብንደጋግመው ማንም አይከለክለንም፤ አንድን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ መቆፈር አይቻልም።

ጠገራ ብርን እንውሰድ። በማሪያ ቴሬዛ ምስል የተመታው ይህ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በላዩም 1780 የሚል ዓመት አለበት። እንጦጦ ላይ አንድ ጠገራ ያገኘ ወጣት «የ1780 ሳንቲም አገኘሁ» ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞቱ በኋላ ብሩ በዚሁ ዓመት ቁጥር ሳይለወጥ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎችም ከተሞች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲመታ ኖሯል። ስለሆነም በእጅ የተያዘው ብር ከ1780 ወዲህ መሆኑን ከመናገር አልፎ በየትኛው ዘመን ከባለቤቱ እጅ እንደወደቀ አይናገርም። አሁን ደግሞ ብሩ ሳይነካ በቦታው እንዳለ፣ ከአንድ ያልተነካ የድንጋይ ንጣፍ ሥር፣ በ1887 ዓ.ም. ለምኒልክ በፓሪስ ከተመታ ሳንቲም ጋር ጎን ለጎን ተገኘ እንበል። ሁለቱ በአንድነት፣ ያ ንጣፍ ከ1887 ዓ.ም. በፊት ሊነጠፍ እንደማይችል ይመሰክራሉ። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላም በተራራው ላይ ቤት የሚሠራ ሰው እንደነበረ ያሳያሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ታሪክ ተገኘ። ሁለቱ ሳንቲሞች በሁለት የተለያዩ ኪሶች ውስጥ ቢሆኑ ይህ ዓረፍተ ነገር ባልተገኘም ነበር።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ አገር፣ በጀርመን፣ የሆኑ ሁለት ግኝቶችን እናነጻጽር። ሁለቱም የተገኙት በዚሁ መሣሪያ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ቶኒ ክላን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በትርፍ ጊዜው አሮጌ ሳንቲም መፈለግ ሲፈልግ አስቀድሞ የአካባቢውን አርኪዮሎጂስት አማከረ፤ ካልክሪዘ በተባለው ስፍራም የሮማውያን የብር ሳንቲሞችን አገኘ። ያገኘበትን ቦታ መዝግቦ ለባለሙያዎቹ አስረከበ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት የእርሳስ የወንጭፍ ጥይቶች ተጨመሩ፤ የሠራዊት ምልክት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ ከሳንቲሞቹ አንዱም ከ9 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታ ሆኖ አልተገኘም። ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች በጀርመን ደን ውስጥ ያለቁት በዚያው ዓመት ነበርና፣ ብዙ ሊቃውንት ለዘመናት ሲፈለግ የኖረው የጦርነት ሜዳ ይህ ነው ለማለት የበቁት በእነዚያ ተራ ሳንቲሞች አማካይነት ነው። ዛሬ ቦታው ሙዚየም ያለው የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል።

ሁለተኛው የኔብራ የሰማይ ዲስክ ነው። ፀሐይን ወይም ሙሉ ጨረቃን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን በወርቅ የያዘው ይህ 32 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው የነሐስ ሳሕን በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ በሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ተገኘ። በቁፋሮ መሣሪያቸው ጠርዙን ጎድተው፣ ከወርቁም ከፊሉን ልጠው አወጡት፤ በማግስቱም ሸጡት። በ2002 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ፖሊስ ባዘጋጀው ወጥመድ እስኪያዝ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ በኋላ በዲስኩ ላይ የተጣበቀውን አፈር ከተራራው አፈር ጋር ለማመሳሰል ብቻ ስንት የላቦራቶሪ ድካም ጠየቀ! ዕድሜው 3600 ዓመት ገደማ ነው የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ሁለት አርኪዮሎጂስቶች ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ያነሰ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ዲስኩ በሥርዓት ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ መነሻ ባላገኘ ነበር። ካልክሪዘ ላይ ጥቂት ሳንቲሞች የአንድ ጦርነት ታሪክ ሲገልጡ፣ ኔብራ ላይ ከወርቅ የከበረ ዕቃ የራሱን ዕድሜ እንኳ ያለ ሙግት መናገር ተሳነው።

እዚህ ላይ አክሱም ያልታወሰው አንባቢ አይኖርም ብለን እናምናለን። አክሱማውያን ከሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሳቸውን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ይመቱ ነበር። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ ወርቅ የመለበጥ ጥበባቸው በዘመኑ ሌላ ዘንድ የማይታይ ነበር። የንጉሥ ዒዛና የቀድሞ ሳንቲሞች የግማሽ ጨረቃና የክብ ምልክት ሲኖራቸው የኋለኞቹ መስቀል አለባቸው፤ የአንድ መንግሥት ሃይማኖት መለወጡን በሳንቲም ላይ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ዝናብ ሲያባራ በየማሳው ብቅ የሚሉትን እነዚህን ሳንቲሞች ሕፃናትና ገበሬዎች ለቱሪስት ሲሸጡ መኖራቸውን አክሱምን የጎበኘ ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃናቱን ለመውቀስ አንደፍርም፤ የሚያነሡት ራሱ የወጣውን ነው፣ የሚያገኙትም ጥቂት ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ግን ገና ያልወጣውን፣ በንብርብሩ ውስጥ ያለውን ይደርስበታል።

ቦታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ደብረ ዳሞን ማስታወስ ይበቃል። በ1940 እ.ኤ.አ. በዚያ ገዳም በሰሜን ሕንድና በመካከለኛው እስያ ይገዙ የነበሩ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች፣ ቁጥራቸው ከመቶ የሚበልጥ፣ ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱን በለንደን ጨረታ ላይ ብናየው ከብዙ የኩሻን ሳንቲሞች አንዱ ነው። በትግራይ ተራራ ላይ መገኘቱን ስናውቅ ግን የቀይ ባሕርን ንግድ ይነግረናል። ወርቁ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

የሚቀርብብንን መቃወሚያ እናውቃለን። «ማረሻውም፣ ጎርፉም፣ የግንባታ ማሽኑም ያጠፋዋል፤ ቢያንስ እኛ እናድነው» ይባላል። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው፤ አቃልለን አናልፈውም። እንግሊዞች ይህንኑ አስበው በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ መሣሪያውን ሳያግዱ ወርቅና ብር የሆነ ጥንታዊ ግኝትን ማሳወቅ ግዴታ አድርገዋል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሌላውን ግኝት በፈቃደኝነት የሚመዘግብ ሥርዓት ዘርግተው እስከ አሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግበዋል። እዚያም ቢሆን ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ መፈለግ አይቻልም፤ የመናፈሻ ባለቤት የሆነው ማዘጋጃ ቤት ካልፈቀደም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ግን በየአውራጃው ተቀምጦ ጥልቀትና ቦታ የሚመዘግብ ባለሙያ የለም። መዝጋቢ ሳይኖር ፈላጊ ብቻ ቢበዛ የምናድነው ዕቃ እንጂ ዕውቀት አይሆንም። የእኛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በግንባታም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካ ጠብቆ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። «ለመሞከር ያህል ነው» የሚል ሐረግ በአዋጁ ውስጥ አናገኝም።

ከታሪክ ይልቅ ሕይወትን የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዛሬ ለሳንቲም የምንመኘው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ሆኖ በሰፊው የተሠራጨው ለፈንጂ ተብሎ ነው፤ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለው የፖላንድ መኮንን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራው ሞዴል በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜይን ውጊያ መንገድ ጠርጓል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ጦርነት፣ ዳግመኛም ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የቀረ ያልፈነዳ ነገር በመሬት ውስጥ አለ። የጆሮ ማዳመጫው ሳንቲምንና የፈንጂ ማቀጣጠያን አይለይም። ሠልጥኖ የሚያመክነው ባለሙያ እያንዳንዱን ጩኸት እንደ ፈንጂ ቆጥሮ ከጎን በኩል በቀስታ ይጠጋዋል። ወርቅ ያሰበ ሰው ግን ከላይ በዶማ ይመታዋል። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ መሣሪያውን ይዘው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚሄዱ ተማሪዎች መኖራቸውን ስለምናውቅ ነው።

ታዲያ መሣሪያው ተሠርቶ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣን? አይደለም። ከአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍል ጋር በመሆን፣ ፈቃድ ባለው ቁፋሮ ላይ፣ የተቆፈረውን አፈር በመሣሪያው ማሰስ ይቻላል፤ በወንፊት ያመለጠች ትንሽ የነሐስ ሳንቲም በዚህ መንገድ ትገኛለች፣ የመጣችበት ንብርብርም አስቀድሞ ተመዝግቧል። ለዚህ የሚበቃ ባለሙያ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አለ። የፊዚክሱና የአርኪዮሎጂው ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ሰላምታ እንኳ አለመለዋወጣቸው ግን የሚያስተዛዝብ ነው።

እስከዚያው ድረስ የራሳችን ግቢ ይበቃል። አንደኛው ቡድን ከፋኩልቲው አስተዳደር ባስፈቀደው፣ አዲስ አፈር በተደለደለበት ጥግ ላይ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከፋፍል። የአንድ ብር፣ የ50ና የ25 ሳንቲም ገንዘቦችን፣ ቆርኪ፣ ምስማርና የሲጋራ ወረቀት በተለያየ ጥልቀት ይቅበር፤ ሳንቲሞቹን አስቀድሞ በማግኔት ይፈትሻቸው፣ የሚሳቡና የማይሳቡ መኖራቸው ውጤቱን ይለውጠዋልና። ካርታውን በፖስታ አሽጎ ለመምህሩ ያስረክብ። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይቆፍር፣ በድምፁ ብቻ፣ የእያንዳንዱን ቦታ፣ ጥልቀትና ማንነት ጽፎ ያቅርብ። ከዚያ በኋላ ፖስታው ይከፈት። ስንቱ ቆርኪ ብር ተብሎ እንደተጻፈ ለማየት እኛም እንጓጓለን። የጥልቀትና የምልክት ግራፉ ከላይ ከሰጠናቸው ከ16ና ከ39 ቁጥሮች ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ጽፎ የሚልክልን ቡድን ካለ በሚቀጥለው እትም ላይ ቦታ እንይዝለታለን።